ለምልክት ያህል

ወንድሜ አሥራ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ይጫወታል። የቆጠሩት ጋዜጦቹ ናቸው፤ እኔ ምን ቸገረኝ። እኔ የማውቀው በር ማንኳኳት እንደማይችል ነው። ሲመጣ ዝም ብሎ ይገባል። ከሱ በፊት ደግሞ ዕቃው ይገባል፦ ሳጥን፣ ሽቦ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ሁለት አንገት ያለው ጊታር፣ ምን እንደሚባል እንኳ የማላውቀው የእንጨት ቱቦ። በዚህ የተነሳ ቤታችን ውስጥ ስሙ ጓዙ ነው። እናታችን ብቻ «የኔ ጌታ» ትለዋለች። እናት ምን ታድርግ።

የሚጫወተው ፕሮግረሲቭ ሮክ ይባላል። ለማያውቀው ላስረዳ። ሌላ ዘፋኝ «ናፈቅሽኝ» ለማለት ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። የኔ ወንድም መጀመሪያ ዓለም ስትፈጠር ያሳያል። ቀጥሎ ባሕር ይናወጣል። ቀጥሎ ከበሮው በሰባት መቁጠር ይጀምርና ላጨብጭብ ያለ ሰው እጁ አየር ላይ ይቀራል። «ናፈቅሽኝ» የምትለዋ ቃል እስክትመጣ ድረስ የተናፈቀችው ሴት አግብታ፣ ወልዳ፣ ልጆቿን ድራለች። በዚህ ሥራ አርባ ዓመት ኖረ። ሽልማት ወሰደ፣ አዳራሽ ሞላ፣ ጢሙን እስከ ደረቱ አወረደ። «ባጭሩ» የሚል ቃል ግን አንድ ቀን ካፉ ወጥቶ አያውቅም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የመድረክ ካባዎቹን የሰፋሁለት እኔው ነኝ፤ ብርማ ኮከቦቹን አንድ በአንድ በእጄ የጠቀምኩት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ መድረክ ላይ ማራገቢያው የካባውን ጫፍ ጎርሶ ወደ ኋላ ጎተተው። አንገቱን ይዞ እየተንፈራፈረ «አውልቁልኝ!» ሲል ሕዝቡ የትርኢቱ ክፍል መስሎት ቆሞ አጨበጨበ። በማግሥቱ ጋዜጣው «የሰው ልጅና የማሽን ትግል» ብሎ ጻፈ። እኔ ኮከቦቹን እንደገና ስተክል ሰነበትኩ።

ይሄን ሁሉ እችለው ነበር። ያንገበገበኝ ሌላ ነው።

አባታችን ፒያኖ ጠጋኝ ነበር። የፊት ለፊቱ ክፍል ሆዳቸው የተከፈተ ፒያኖዎች ሞልተውበት፣ ወደ ጓዳ ለማለፍ በጎን መሄድ ነበረብን። ወንድሜ ካንዱ ወደ አንዱ እየዘለለ ይነካካል፤ «ጎበዝ!» ይባላል። እኔ ግን ሥራ ነበረኝ። አባቴ ሁለት እጁ ቁልፍና ሽቦ ላይ ስለሚያዝ ልክ የሆነውን ድምፅ አንዴ መትቶ ያሰማኝና «ያዢልኝ» ይለኛል። ያንኑ ድምፅ ሳላቋርጥ በአፌ እይዝለታለሁ። እሱ ሽቦውን እያጠበቀ፣ እያላላ፣ ወደኔ ድምፅ ያመጣዋል። ሲገጥም «ልቀቂ» ይላል። በሕይወቴ እንደዚያ የተፈለግሁበት ጊዜ አልነበረም፤ ልዋሽ አልችልም፣ ደስ ይለኝ ነበር። እናቴ ይሄን አንድም ቀን አልሰማችም። ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር የምትሠራው፤ ከነዚያ ትልልቅ ማሽኖች መሀል ውላ ስትመጣ ጆሮዋ ጭው እያለ ነው። አባቴ ሲሞት «ያዢልኝ» የሚለኝ ጠፋ፤ እኔም ዝም አልኩ።

ወንድሜ ሁለተኛውን ሸክላ ሲቀዳ ካባ ልለካው ስቱዲዮ ሄድኩ። የሱ አሠራር እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ከበሮውን ለብቻው ይቀዳል፣ በላዩ ጊታሩን ይደርባል፣ በላዩ ኦርጋኑን፣ በላዩ ሌላውን፣ ልክ እንደ ብርድ ልብስ። ከሰው ጋር አይጫወትም፤ ሰው ያበላሽብኛል ይላል። ድምፁን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስገባው። እና የሸክላው ሁለተኛ ፊት ላይ መሣሪያው ሁሉ ጸጥ የሚልበት ቦታ አለ። አንድ ድምፅ ብቻ፣ ያለ ምንም ቃል፣ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይወጣል፣ እላይ ቆሞ ይቀራል። ጓዙ ሞከረው። መሀል ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰነጠቀ። ደገመው፤ ባሰበት። ድምፅ ቀጂው ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«እታለም» አለኝ ወንድሜ፣ «እስቲ አንዴ ለምልክት ያህል ያዢልኝ። የት እንደሚወጣ እንዳውቀው ነው። ነገ የራሴን እደርብበታለሁ።»

«ያዢልኝ» አለኛ። በአባቴ ቃል! ከከንፈሬ መርፌዎቹን አውጥቼ መዳፌ ላይ አደረግሁና ያዝኩለት። አንዴ ብቻ። ስጨርስ ቀጂው ዞሮ አየኝና ሲጋራ ለኮሰ። እኔ የካባውን እጀታ ለክቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ነገ የተባለው ቀን አልመጣም። ሸክላው ወጣ። ሽፋኑ ላይ «ድምፅና መሣሪያዎች በሙሉ» ይልና የሱ ስም ለብቻው ተኮፍሷል። ያ ቦታ፣ ያ ለምልክት ያህል የያዝኩት ቦታ፣ አገር ጉድ አሰኘ። ሰው መኪናውን ዳር አቁሞ አለቀሰ ተባለ። አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ «ወንድ ልጅ እዚህ ከፍታ ላይ እንዴት ይደርሳል?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ጓዙ ጢሙን እየዳበሰ «ብዙ ውኃ በመጠጣት» አለ። ሬዲዮኑን ልወረውረው ነበር፤ የራሴ ሬዲዮ ሆነና ነው እንጂ።

«ስሜስ?» ስለው «በሚቀጥለው እትም ይስተካከላል እታለም» ይለኛል። ስንት እትም ወጣ! ላም አለኝ በሰማይ።

መድረክ ላይ ደግሞ ያንን ቦታ ማን ይዝፈነው? መጀመሪያ ሰሞን «ጉንፋን ይዞኛል» አለ። ጉንፋን ለዓመት አይሆንም። ስለዚህ ፍሉት ተማረና በፍሉት ነፋው። ከዚያ በቫዮሊን። ከዚያ በሳክስፎን። ከዚያ፣ እውነቴን ነው፣ በአናጢ መጋዝ፤ ጉልበቱ ላይ አጉብጦ በቫዮሊን ደጋን እየፈተገ። ሕዝቡ «ራሱን አይደግምም!» አለ። አዋቂ ነን ባዮቹ «ዕረፍት የማያውቅ መንፈስ» አሉ። የምን መንፈስ! መሣሪያው አሥራ አንድ የደረሰው ያቺን አንዲት ቦታ ላለመዝፈን ነው። አበዳሪውን የሸሸ ሰው በየቀኑ መንገድ እንደሚቀይር ማለት ነው።

እናቴ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ከኔ ጋር ናት። የስፌት መኪናዬ ያለበት ክፍል ውስጥ የሷ ወንበርና የሸክላ ማጫወቻው አለ። በየጠዋቱ ሁለተኛውን ፊት ታስነሳለች። ቦታው ሲደርስ ጣቷን ወደ ላይ ታነሳና ትጮህብኛለች።

«መኪናሽን አቁሚ! ወንድምሽ ሊዘፍን ነው!»

አቆማለሁ። እግሬን ከፔዳሉ አንስቼ፣ የገዛ ድምፄን እንድሰማ ተገድጄ ቁጭ እላለሁ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትወዛወዛለች። ሲያልቅ «እንዲህ ያለ ድምፅ ሰጥቶት!» ትልና ዓይኗን በነጠላዋ ትጠርጋለች። ከዚያ «ቀጥይ» ትለኛለች። ይሄ ነው ጠዋታችን።

አንድ ቀን ነገርኳት። «እማዬ፣ ያ እኮ እኔ ነኝ» አልኳት። ሳቀች። ማስረጃ ይሁን ብዬ እዚያው ቆሜ ያዝኩላት። ጸጥ ብላ ሰማችኝና ምን አለችኝ መሰላችሁ?

«ጎበዝ። ታስመስይዋለሽ።» ቀጥላም እጄን ያዘችና «ቅናት አጥንት ያነቅዛል ልጄ» አለችኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኛ ቤት የጠራው ንጋቱ ብቻ ነው። እሱ ካልነገራት በቀር ማንም ቢነግራት እንደማታምን ያን ቀን ገባኝ።

እንግዲህ አምና የጆሮ ሐኪሙ መረመራትና ለብቻዬ ጠርቶ «እየተዘጋ ነው፤ የቀረው የወራት ነገር ነው፤ መሣሪያ ቢደረግላትም አይረዳትም» አለኝ። ከሐኪሙ ቤት እንደወጣሁ ደወልኩለት።

«ስማኝ» አልኩት። «ሸክላው ላይ ስሜን አልፈልግም። ጋዜጣህንም፣ ሽልማትህንም ጠቅልለህ ያዝ። አንድ ነገር ነው የምፈልገው። ለእማዬ የማን ድምፅ እንደሆነ ንገራት። ከዚያ ጆሮዋ ሳይዘጋ አንድ ጠዋት፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እያወቀች ትስማው።»

ጢሙ ስልኩ ላይ ሲፈተግ ሰማሁ። ከዚያ «ልክ ነሽ እታለም» አለ። ልቤ ዘለለ። «ግን እንዲህ በስልክ አይሆንም። በደንብ መነገር አለበት።»

በደንብ! ይቺን ቃል ሲላት ነገሩ እንዳለቀለት ማወቅ ነበረብኝ።

ሰውዬው ለካ ሙዚቃ ሊደርስ ነው። ኑዛዜ፣ በአራት ክፍል። የመጀመሪያው ክፍል «ከመወለድ በፊት» ይባላል። ስደውልለት «አሁን ሁለተኛው ላይ ነኝ» ይለኛል። ሌላ ቀን ስደውል «ሦስተኛው ሴሎ ይጠይቃል፤ እየተማርኩ ነው» ይለኛል። ይታያችሁ! አንድ ዓረፍተ ነገር ለእናቱ ለመናገር አሥራ ሁለተኛ መሣሪያ ሊማር!

«አንተ ሰው» አልኩት፣ «ጆሮዋ ሴሎ እስክትማር አይጠብቅህም!»

«እታለም፣ አርባ ዓመት የቆየ ነገር በሁለት ደቂቃ አይነገርም።»

«ለምን አይነገርም? የተሰረቀው በሁለት ደቂቃ ነው!»

ስልኩን ዘጋብኝ።

እናቴ ማጫወቻውን በየሳምንቱ ከፍ አድርጊልኝ ትለኛለች። ከፍ አደርጋለሁ። አንድ ጠዋት ቦታው መጣ፤ ጣቷን አላነሳችም። አለፈ። ኦርጋኑ ተመልሶ ገብቶ፣ ከበሮው ሁሉ እየተንጋጋ ሳለ ጣቷን አነሳችና «መኪናሽን አቁሚ!» አለች። አቆምኩ። ዓይኗን ጨፍና ዘፈን በሌለበት ቦታ ላይ ተወዛወዘች። «ዛሬ ቀስ ብሎ ነው የዘፈነው» አለችኝ። ወጥቼ ጓዳ ውስጥ አለቀስኩ፤ ከእልህ ነው፣ ሌላ እንዳይመስላችሁ። ብዙም ሳይቆይ ሸክላው ቤቱን እያናጋው «አስነሳሽው ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጆሮዋ ጨርሶ የተዘጋባት ቀን ያቺ ናት። ከዚያ ወዲያ ከንፈሬን እያየች ነው የምታወራኝ፤ ስንት ዘመን አብረን ኖረን፣ የኔን ከንፈር እንደ ፊደል ታነበዋለች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ጓዙ መጣ። መጀመሪያ እንደ ልማዱ ዕቃው ገባ። ሁለት ተሸካሚዎች ሲያመላልሱ ዋሉ፤ የስፌት መኪናዬን ገፍተው ጥግ አስያዙት። ሴሎም አለ። «ጆሮዋ ተዘግቷል፤ ነግሬህ አልነበረም?» ስለው፣ «ንዝረቱ ይሰማታል፤ ሙዚቃ በአጥንት ነው የሚገባው» አለኝ። የኔው አጥንት ውስጥ እንኳ ገብቶ አያውቅም።

እናታችንን ወንበሯ ላይ አስቀመጣት። ካባውን ለበሰ። ጀመረ። ዓለም ተፈጠረች። ባሕሩ ተናወጠ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ መቀሴ ከጠረጴዛው ላይ ወደቀ፣ ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ። እናቴ መብራቶቹ ቀይ ሰማያዊ ሲሉ በአክብሮት ታያለች። ሦስተኛው ክፍል ሲያልቅ ወደኔ ዘንበል ብላ፣ ቀስ ብላ የተናገረች መስሏት ጮኻ ጠየቀችኝ።

«መቼ ነው የሚጀምረው?»

እግዜር ይስጣት፤ አርባ ዓመት ሙሉ ማንም ደፍሮ ያልጠየቀውን ጠየቀችልኝ።

አራተኛው ላይ ኑዛዜው መጣ። ወንድሜ ማይክሮፎኑን ይዞ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ «ያ ድምፅ የኔ አልነበረም» ብሎ ዘፈነ። ደገመው። ሰለሰው። ሲጨርስ ላብ በላብ ሆኖ አያት። እሷ አጨበጨበችለት። ምንም አልገባትም።

«አልሰማችም?» አለኝ።

«ቤቱ ሲንቀጠቀጥ አይታለች።»

«አንቺ እንዴት ነው የምታወሪያት?»

«ከንፈሬን ታያለች።»

«የኔንስ?»

«ያንተን ከንፈርማ ካየነው አርባ ዓመታችን ነው» አልኩት። ጢሙ አፉን እንደ መጋረጃ ሸፍኖታል፤ ሾርባ እንኳ በግምት ነው የሚጠጣው።

«እንግዲያው አንቺ ንገሪያት። እኔ እንዳልኩ አድርገሽ።»

«እኔ ነግሬያት ነበር። አጥንቴ ነቀዘ ተባልኩ።»

ቁጭ አለ። ሳጥኖቹን ሁሉ አየ፤ አንዱም የሚረዳው አልሆነም። ከዚያ ተነስቶ የጨርቅ መቀሴን ከወለሉ አንስቶ መታጠቢያ ቤት ገባ። መቀሱ ጨርቅ ብቻ እንደሚቆርጥበት፣ በሌላ ቢነካ እንደምገድል ያውቃል፤ ዝም አልኩት። ሲወጣ ላውቀው አልቻልኩም። የሸክላዎቹ ሁሉ ሽፋን ላይ ያለው፣ ሰው ካናቴራው ላይ የሚያሳትመው ጢም የለም። አገጭም የለም። ለካ ሰውዬው ይሄንንም ነው የደበቀን! እናቴ ግን እጇን ዘረጋች።

«የኔ ጌታ! መጣህ እንዴ?»

ተንበረከከ። ካባውን አውልቆ ወዲያ ጣለው። ያለ ከበሮ፣ ያለ ባሕር፣ ቀስ አድርጎ፣ ከንፈሩን እያሳየ ተናገረ።

«እማዬ። ሸክላው ላይ ያለው ድምፅ የኔ አይደለም። የእህቴ ነው።»

በዕድሜው አጭር ነገር ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው። የእናቴ ከንፈር ከሱ ከንፈር ጋር አብሮ ተንቀሳቀሰ፤ አነበበችው። እያንዳንዱን ቃል አነበበችው። ቀና ብላ እኔን አየች። እሱን አየች። እኔ የልኬት ሜትሩን በሁለት እጄ ጠምጥሜ ጣቴ ደም እስኪያጣ ድረስ ይዤ ቆሜያለሁ። እጠላዋለሁ፣ ንቄዋለሁ፣ ምን ቸገረኝ ስል የኖርኩት ሁሉ ውሸት ነበር፤ እንደዚያች ደቂቃ ፈልጌ የማውቀው ነገር የለም።

እናቴ ዓይኗ እንባ ሞላ። የተላጨ ጉንጩን በመዳፏ ያዘች።

«አየሽው?» አለችኝ። «አየሽው ልጄን? ድምፁን እንኳ ላንቺ ሊሰጥሽ ይፈልጋል። ቅር እንዳይልሽ ብሎ ነው።»

«አይደለም እማዬ!» አለ። «እውነቴን ነው! እሷ ናት!»

«ጎሽ። ከልጅነቱም እንዲህ ነው። ያለውን ሳያካፍል አይበላም።»

«እማዬ፣ ስሚኝ፣ እኔ እኮ ሰርቄያት ነው!»

«የኔ ትሑት» አለችው። በማለ ቁጥር ቅዱስ እያደረገችው ሄደች። እሱ ይምላል፤ እሷ ግንባሩን ትስማለች። ድምፄን የወሰደው አንሶት አሁን ደግሞ በመናዘዙ ተመሰገነ። ወይ ነዶ! ሜትሩን ጥዬ ጓዳ ገባሁ።

የምሳው ሰሃን ተቆልሎ ነበር፤ እጄን ውኃ ውስጥ ነከርኩ። ተከትሎኝ መጣ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን አንኳኳ፤ የጓዳ በር፣ ያውም ክፍት የሆነ።

«አላመነችኝም!» አለ። ድምፁ ተሰነጠቀ፤ ያው እዚያው ቦታ ላይ። «እውነቱን ነገርኳት፤ አላመነችኝም!»

«እንኳን ደህና መጣህ» አልኩት።

በሩን ተደግፎ ቆመ። ያለ ጢም ያለ ካባ፣ አንድ ትንሽ ሽማግሌ ነው። «ምን ልሁን እታለም?» አለ።

«ሰሃን አድርቅ። እሱን እንኳ መጫወት አትችልም።»

ፎጣውን ወረወርኩለት። አንድ ሰሃን ይዞ ማገላበጥ ጀመረ። እኔም ማንም «ያዢልኝ» ሳይለኝ ጀመርኩት። ከታች ተነሳሁ። ድምፄ አርጅቷል፤ መሀል ላይ ይሻክራል። እሱ አፉን ከፈተ፤ ሊደርብብኝ ነው፣ ልማድ አይለቅም። የሳሙና አረፋ ያለበትን ጣቴን እንደ እናቴ ወደ ላይ አነሳሁበት። አፉን ዘጋ። ወጣሁ፣ ወጣሁ። እላይ ልደርስ ስል ከወዲያኛው ክፍል የሸክላው ድምፅ መጣ። እናቴ እራሷ አስነስታዋለች፤ መዳፏን የማጫወቻው ሳጥን ላይ አድርጋ እንደምትቀመጥ አውቃለሁ። ደንቆሮ እንደሚጮኸው ጮኸች።

«መኪናሽን አቁሚ! ወንድምሽ ሊዘፍን ነው!»

መኪናው ጥግ ላይ ቆሟል። እኔ አላቆምኩም። ወንድሜ እርጥቡን ሰሃን ደረቱ ላይ ይዞ እስክጨርስ ድረስ ሰማኝ።